አውራ የሌለው ንብ

«አውራ የሌለው ንብ፣ አለቃ የሌለው ሕዝብ» የሚለውን የሰማ ትርጉሙን አይጠይቅም። ለዋግ ሰውማ ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከነገሡ በኋላ፣ በ1863 ዓ.ም. ክረምት ዐድዋ አጠገብ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከሆኑት ከትግራዩ ካሳ ምርጫ ጋር ሲገጥሙ ጦራቸው በቁጥር እጅግ ይበልጥ ነበር። ንጉሡ ሲማረኩ ያ ሁሉ ሠራዊት ተበተነ።

ከተረቱ ጋር ያጣሉኝ ግን በዚያው በዋግ፣ ሰቆጣ ከተማ አካባቢ ያሉ አንድ ንብ አናቢ አባት ናቸው። ዘንድሮ ከቀፎዎቻቸው የአንዱ አውራ ሞታ ነበር። መንጋው ሊበተን ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ጭሱን ነፋ ነፋ አድርገው የማር እንጀራውን ብድግ አደረጉና ወደ ታች የተንጠለጠሉ፣ ከሌሎቹ ረዘም ያሉ የሰም ቤቶች አሳዩኝ። «አዲስ አውራ እያሳደጉ ነው» አሉኝ። ንቦች የአውራቸውን መጥፋት በሰዓታት ውስጥ ያውቃሉ። ሦስት ቀን ያልሞላቸው እጮች ካሉ ከእነሱ መርጠው ለብቻ ይቀልባሉ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አዲስ አውራ ትወጣለች።

አውራዋ በሕይወት ሳለችም አታዝዝም። ማን ቀፎ እንደሚያጸዳ፣ ማን እጭ እንደሚመግብ፣ ማን ለቀሰም እንደሚወጣ የሚለየው በንቦቹ ዕድሜና በቀፎው ፍላጎት ነው። ሲሰደዱ እንኳ ማረፊያ የሚመርጡት ቃኚዎቹ ናቸው። የእሷ ድርሻ መንጋውን በጠረኗ አንድ አድርጎ መያዝና እንቁላል መጣል ነው። እኛ ግን አለቃ ስንል በየቀኑ የሚያዝና የሚቆጣጠር ሰው ይታየናል።

ይህን ስል ቁጥጥርን ማናናቄ አይደለም። በጥርና በየካቲት የዋግ ገበሬ ለተፋሰስ ሥራ ሲወጣ መጀመሪያ የሚቀድመው ቅየሳው ነው፦ ሁለት ዘንግ፣ በመካከላቸው የተወጠረ ገመድ፣ ገመዱ ላይ የተንጠለጠለች ውሃ ልክ። እርከኑ አንድ ቦታ ላይ ዝቅ ካለ የክረምቱ ጎርፍ እዚያው ተጠራቅሞ ይደረምሰዋል፤ ከበታቹ ያለውንም ይዞት ይወርዳል። ቀን የሚመዘግብ፣ መሣሪያ የሚያከፋፍል፣ ልኩን የሚያይ ሰው ከሌለ የመንደሩ ሁሉ ወኔ ጎርፍ ይበላዋል።

ውሃ ልክ ግን ፍየል አያስርም። እርከን የተሠራበት ተራራ ልቅ ግጦሽ ካልቆመለት እርከኑ ውሎ አድሮ ይፈርሳል፤ ፍየል ደግሞ ለዋግ ሰው ኑሮው ነው። ስብሰባ ጠርቶ «ከብት አትልቀቁ» ማለት ቀላል ነው። የራሱን ፍየሎች ቀድሞ ያሰረ ሰው ሲገኝ ነው ጎረቤት የሚከተለው። እኔ መምራት የምለው ይህን ነው፤ ያ ሰው ሹመት ላይኖረው ይችላል። እንዲህ የተከለለ ተራራ ሣሩ ይመለሳል፣ አበባው ይመለሳል፣ ንብ አናቢዎችም ቀፎ ይሰቅሉበታል።

መምራትና መቆጣጠር የሚለያዩት በተራራው ላይ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት በዚችው ከተማ ስም የሰቆጣ ቃልኪዳንን ሲያውጅ፣ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት ቃል ገባ። ቃሉን መግባት አንድ ሥራ ነው፤ ሕፃኑን በየወሩ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ሌላ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ተረቱን ፈጽሞ እንዳልጥለው ያደረጉኝ እኚያው ንብ አናቢ አባት ናቸው። አውራዋ እንቁላል ሳትተው ከሞተችስ ብዬ ጠየቅኳቸው። ያን ጊዜ ሠራተኞቹ ራሳቸው እንቁላል ይጥላሉ፣ የሚወጣው ግን ድንጉላ፣ ማለትም ወንድ ንብ ብቻ ነው፣ ቀፎው ቀስ በቀስ ይጠፋል አሉኝ።

እንግዲህ የእኔ ጠብ እዚህ ላይ ነው። ተረቱ ጉድለቱን ያለ አለቃ የቀረው ሕዝብ ላይ ይጥላል፤ እኔ የሄደውን አለቃ እጠይቃለሁ። ሹም ሽር በመጣ ቁጥር ሥራው ከዜሮ የሚጀምርባቸውን መሥሪያ ቤቶች ሁላችንም እናውቃለን። ቁልፉም ፊርማውም ዕቅዱም በአንድ ሰው እጅ ስለነበር ነው። በየሪፖርቱ ስንት ኪሎ ሜትር እርከን እንደተሠራ ይጻፋል። ኃላፊው ሲዛወር ግን ከኪሎ ሜትሩ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው፣ ያለ እሱ ገመዱን ወጥረው ልኩን የሚያነቡ ስንት ገበሬዎች በየቀበሌው እንዳፈራ ነው።