ኖኅም መጥረቢያ አንስቷል

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከስድሳ ዓመት በላይ በሆነው ዕድሜዬ ውሃ ቁልቁል ሲወርድ እንጂ ከራሴ በላይ ቆሞ አይቼ አላውቅም። ዓምና በሆሳዕና ሰሞን ልጄን ልጠይቅ አምስተርዳም ሄድኩ። ስኪፖል እንዳረፍን «አባዬ፣ አሁን የቆምከው ከባሕር በታች ነው» አለችኝ። ቀልድ መሰለኝ። ለካ ማረፊያው ድሮ ሐይቅ ነበር፤ ውሃውን በእንፋሎት ሞተር ስበው እ.ኤ.አ. በ1852 ያደረቁት። ጣና ደርቆ ወለሉ ላይ አውሮፕላን ሲያርፍ ታየኝና አማተብኩ።

እኛ አበባ የምናየው በመስከረም፣ ዝናቡ ሲያባራ ነው። የእነሱ ቱሊፕ የሚፈነዳው በሁዳዴ ነው። ቦዩ ዳር ቆሜ፣ ማዮኔዙን አስትቼ፣ የተጠበሰ ድንች ስበላ የአገሬ የፋርጣ ድንች ትዝ አለኝ። ከፊቴ ያሉት ቀጫጭን ፎቆች ወደ ቦዩ ዘንበል ብለዋል። ጣሪያቸው ጫፍ ላይ መንጠቆ አለ። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ አልጋውም ቁም ሣጥኑም በገመድ ተጎትቶ በመስኮት ይገባል፤ ቤቱ ያዘነበለው ዕቃው ግድግዳውን እንዳይገጨው ነው። መሠረቱ ደግሞ ጭቃ ውስጥ የተተከለ ግንድ ነው። ግንዱ ውሃ ውስጥ እስካለ አይበሰብስም፤ የሚበሰብሰው ውሃው ሸሽቶ አየር ሲያገኘው ነው።

ይሄን ከልጄ ስሰማ የእናቴ ጎታ ታወሰኝ። ያደግሁት ፎገራ ሜዳ ዳር ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ወርደው ጣና ሳይደርሱ በክረምት ሜዳውን ይሞሉታል። አንድ ሐምሌ ሌሊት ውሃው ቤታችን ገባ። አባቴ ከብቶቹን ወደ ጉብታው ሲነዳ፣ የጭቃው ጎታ ከሥሩ ሟሙቶ የዓመት ጤፋችን ፈሰሰ። ሲነጋ ጎረቤት ሁሉ «እሱ ያመጣውን እሱ ይመልሰው» አለ። በዓመቱም ውሃው ያው፣ ቃሉም ያው ሆነ።

«ልጄ፣ እንደ ሆላንዶች ባሕርን መገደብ ፈጣሪን መዳፈር አይሆንም?» አልኳት።

«አባዬ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 በአንድ ሌሊት ማዕበል 1,836 ሰው አልቆባቸዋል። ለሞቱት ጸለዩ፤ ከዚያ ግድቡን ከፍ አድርገው ሠሩ» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ማታ ጸሎቴን ሳደርስ ስለ ኖኅ አሰብኩ። ዳግመኛ የጥፋት ውሃ እንዳይመጣ ቃል ኪዳን የተሰጠው ለእሱ ነው። ግን ቀስተ ደመናውን ያየው እንጨት ጠርቦ፣ መርከቡን በውስጥም በውጭም ቅጥራን ቀብቶ ከተረፈ በኋላ ነው። መርከቡ ተሠርቶ ከሰማይ አልወረደለትም። እኛ ቃል ኪዳኑን ይዘን መጥረቡን ትተናል።

ሆላንዶች ምንም አልጎደለባቸውም አልልም። ያን ሁሉ ቦይ ስዞር እጁን ነክሮ ፊቱን ያበሰ፣ ያማተበ አንድ ሰው አላየሁም። ለእኛ ውሃ ጸበል ነው፤ ይሄንን በምንም አልለውጠውም። ነገር ግን በጸበል የሚያምን ሰው ጎታውን ከጎርፍ ቢጠብቅ እምነቱ አይቀንስበትም።

የርብ ልጆች ሆይ፣ ክረምቱ ሳይገባ የወንዙን ዳር ዞራችሁ እዩት። እግዚኦታውን አብረን እናደርሳለን፤ አካፋውን ግን ይዛችሁ ኑ።