ልጅ የሌለበት ጸጥታ

የኛ አገር ትምህርት ቤት የሚዘጋው ለመዝናናት ተብሎ አይደለም። ክረምት ስለሚገባ ነው። ወንዝ ሞልቶ ልጅ መሻገር ሲያቅተው፣ ጭቃው ሲበረታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አባት ለአረምና ለከብት ጥበቃ የልጁን እጅ ሲፈልግ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። እንጅባራና ዳንግላን የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም። በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ለከሰል ከሚተከለው የዲከረንስ ደን ላይ ቀኑን ሙሉ አይነሣም፤ ድንቹ ይኮተኮታል፣ ጤፉ ይዘራል፣ ከብቱ ደግሞ ጠባቂ ይፈልጋል። ስለዚህ «የትምህርት ቤት ዕረፍት» የሚለው አነጋገር ለአዊ የገጠር ልጅና ለአዲስ አበባው ልጅ አንድ ትርጉም የለውም። የገጠሩ ከደብተር ወደ ከብት ይዛወራል እንጂ አያርፍም።

በፈረንጆች አገር ዕረፍቱ ራሱን የቻለ ንግድ ነው። ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የአውሮፕላኑም የሆቴሉም ዋጋ ይወጣል፤ የባሕር ዳርቻው በልጆች ይሞላል። ይህን ጫጫታ የማይፈልግ ሰው ደግሞ ገንዘብ ከፍሎ ያመልጣል። ፒ ኤንድ ኦ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ አርካዲያና አውሮራ የተባሉትን የሽርሽር መርከቦቹን ለአዋቂዎች ብቻ አድርጓቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ የጀመረው ቨርጂን ቮዬጅስ ደግሞ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው ጭራሽ አያሳፍርም።

እንግሊዝ አገር ሆስፒታል ውስጥ የምትሠራ የዳንግላ ተወላጅ ወዳጄ በዚህ ነገር ሐሳብ ገብቷታል። ሥራዋ የሕፃናት ክፍል ነው። «ዓመቱን ሙሉ የልጅ ለቅሶ ስሰማ ነው የምኖረው፤ ዐሥር ቀን ባልሰማ ምን አለበት?» አለችኝ። ቆየት ብላ ደግሞ «ለእማዬ ግን አልነግራትም» ስትል ጨመረችበት።

እኔን የያዘኝ ይህ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ነው። ገንዘቡ የራሷ፣ ዕረፍቱ የሚገባት፣ የምትጎዳውም ሰው የለ፤ ታዲያ ከእናቷ የምትደብቀው ምኑን ነው? መገመት አያስቸግርም። «ልጅ የሌለበት ቤት» የሚለው ቃል በአማርኛም ሆነ በአገውኛ ተናጋሪው መንደር ውስጥ የሐዘን ቃል ነው። ያንን ሐዘን በገንዘብ ልግዛው የምትል ልጅ ለእናት ጆሮ ግራ ናት።

ሆኖም አዋቂና ልጅን መለየት ከፈረንጅ የመጣ አዲስ ነገር ነው የሚል ሰው ካለ የገዛ አገሩን ዘንግቷል። ልጅ በትልቅ ሰው ፊት አይናገርም ተብለን ነው ያደግነው። እንግዳ ሲመጣ «ውጪ ተጫወቱ» ተብለናል። ትልልቆቹ ማዕድ ሲቀርቡ ልጅ ቆሞ መብራት ይይዝ ነበር፤ የሚበላውም ከተረፈው ነበር። ከዚህ ጋር ሲተያይ መርከበኞቹ የዋሆች ናቸው፤ ልጁን መብራት አያስይዙትም። የኛ ልዩነት ግን አንድ ነገር ነበረው። የተባረረው ልጅ ከበሩ ማዶ ነበር። ሲወድቅ ጩኸቱ ይሰማል፤ ያን ጊዜ ጨዋታው ይቋረጣል፣ አንዱ ተነሥቶ ይወጣል። ጸጥታው በማንኛውም ሰዓት ሊፈርስ የሚችል ጸጥታ ነበር።

ጥያቄውን ጠበቅ እናድርገው። «ልጅ አይገባም» በሚለው ማስታወቂያ ላይ «ልጅ» የሚለውን ፍቀን «ሽማግሌ» ወይም «ድኻ» ብንጽፍበት ደማችን ይፈላል። ታዲያ ልጅ ሲሆን ለምን ዝም እንላለን? ለዚህ አንድ ጥሩ መልስ አለ። ልጅነት ዘር ወይም መደብ አይደለም፤ ሁሉም የሚያልፍበት ወራት ነው። ዛሬ ከመርከቡ የተከለከለው ልጅ ነገ ዐዋቂ ሆኖ ይሳፈራል፤ ዛሬ የተሳፈረውም ትናንት ተከልክሎ ነበር። ስለዚህ ክልከላው ተራ መጠበቅ እንጂ መናቅ አይደለም። በጣና ላይ ያለው የክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት እንደማያስገባ ይታወቃል፤ እዚያ የተከለከለችው ሴት ግን ነገ ወንድ ሆና አትገባም። በእርግጥ መነኩሴው በሩን ሲዘጋ ራሱም ከዓለም ተለይቶ ነው፤ የመርከቡ ተሳፋሪ ከምንም አልተለየም። ሁለቱን ማነጻጸሬ እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው።

ይህን መልስ ለብዙ ጊዜ በቂ አድርጌ ይዤው ነበር ለማለት እወዳለሁ፤ ግን አንድ ሰው ይጎድለዋል። እናቲቱ! ልጅ ብቻውን አይጓዝም። «ልጅ አይገባም» ሲባል ልጅ ያዘለችም አትገባም ማለት ነው። በመንደር ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ጸጥታ የተጠማ ሰው ማነው ቢባል ሦስት ልጅ ይዛ እንጀራ የምትጋግረው ሴት ናት። ጸጥታው ግን የሚሸጠው ቀድሞውንም ጸጥታ ላለው ነው። ኢፍትሐዊነት አለ ከተባለ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ደግሞ የኛ የዘመን አቆጣጠር ተንኮለኛ ነው። የልጆችን ድምፅ ያስቀመጠው ልክ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወራት ላይ ነው። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ ጅራፉ ይጮኻል፣ ወንዶቹ ልጆች በየደጁ እየዞሩ መሬቱን በዱላ ይደልቃሉ። መስከረም 1 እንቁጣጣሽ ነው፤ ሴቶቹ አበባ ይዘው ይመጣሉ። በዚያ ቀን በሩን ዘግቶ «ጸጥታ እፈልጋለሁ» ያለን ሰው ሠፈሩ ምን እንደሚለው አንባቢ ያውቃል። የሚያስገርመው ግን በዚሁ ወር የአገሩ ትልቁ ጸጥታ መኖሩ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ጾመ ፍልሰታ ነው። ሰው ሥራውን ትቶ ሱባዔ ይገባል፤ ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የሚሻገረውም ጥቂት አይደለም። በፍልሰታ ደግሞ ልጅ ሁሉ ይጾማል። ከቅዳሴ በኋላ ለመቁረብ ነጠላ ተከናንበው የሚሰለፉት ሕፃናት ብዛት ለጉድ ነው። እዚያ ሰልፍ ላይ ጫጫታ የለም። ጸጥታና ልጅ አብረው አይኖሩም የሚለው የመርከቡ ነጋዴ ግምት ቢያንስ በዚህ ሁለት ሳምንት አይሠራም።

ይህን ስል ጡት የሚጠባ ሕፃን በሌሊት አይጮኽም ማለቴ አይደለም። ይጮኻል። የደከመ ሰውም ዕረፍት ይገባዋል። ስልሳ ልጅ በአንድ ክፍል ይዞ ዐሥር ወር የከረመ መምህር በሐምሌ ልጅ ማየት ባይፈልግ አልፈርድበትም። (እሱም ቢሆን በብዙ ዓመታት ክረምቱን ያሳለፈው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሲማር ነው።)

ለወዳጄ የሰጠኋት ምክር አጭር ነበር። በር ከመምረጥ ጊዜ መምረጥ ይሻላል። ልጅ ስለሌላት በነሐሴ እንድትሄድ የሚያስገድዳት የለም። በመስከረም አጋማሽ ትምህርት ቤት ተከፍቷል፤ የትኛውም መርከብ ቢሆን ልጅ አይበዛበትም፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ያን ጊዜ ጸጥታው የሚመጣው ልጆች ስለተከለከሉ ሳይሆን የራሳቸው ቦታ ስላላቸው ነው። የነሐሴውን ፈቃድ ደግሞ ልጅ ያላት የሥራ ባልደረባዋ ትወስደዋለች። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ደስ አሰኛት፤ እኔንም እንደዚሁ።

ነገር ግን ምክሬ የሚሠራው ትምህርት ቤት በሚከፈትበት አገር ነው። ከእንጅባራ በቡሬ መንገድ ወጣ ሲባል ዘንገና አለ፤ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ፣ ዙሪያውን ደን የከበበው ሐይቅ። ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጎ ለሚመጣ መንገደኛ ከእሱ የተሻለ አላውቅም። ድሮ በዚያ ተቀምጬ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ሲጠራሩ ብሰማ «ክረምት ነው» ብዬ አልፈው ነበር፤ ድምፁ ወር ነበረው። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ተለይተዋል። አዊም ከዚህ አልተረፈም። ተዘግተው የከረሙ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ተከፍተው መልሰው የተቋረጡም አሉ። ወዳጄ ከእናቷ ጋር በስልክ ስትነጋገር ከጀርባ የሠፈሩ ልጆች ሲጫወቱ ይሰማታል። በኅዳር፣ በማክሰኞ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ።