ሰዓቱ የማን ነው?

ለብቻው የሚሮጥ የሚቀድመው የለም ይባላል። ከጓደኞቹ ጋር የሚሮጥስ? አራት ሰዎች አብረው ተነሥተው ሦስቱ ፈጣን ሰዓት ቢገቡ ያ ሰዓት የማን ነው? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የጨዋታ ይመስላል። እኛም በጨዋታ ነበር የጀመርነው፤ ኋላ ግን ሳምንት ሙሉ አከራከረን፤ እንግዲያው ለአንባቢም እናቅርበው አልን።

እኛ አቃቂ ያደግን አራት ተማሪዎች ነን። አቃቂን ሯጮች ያውቁታል። የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን የእኛ ሜዳ 2,100 ሜትር ገደማ ነው፤ መሬቱም ለጥ ያለ ስለሆነ ፍጥነት መሥራት የፈለገ ወደዚህ ይወርዳል። በማለዳ በሰልፍ ተከታትለው፣ የኋለኛው የፊተኛውን እግር እያየ ሲሮጡ ከልጅነታችን ጀምሮ ስናይ ኖረናል። ሰልፉ ለጌጥ አይደለም። ፊት ያለው ነፋሱን ይመታል፤ ፍጥነቱን ይመጥናል፤ ሐሳቡን ሁሉ ይጨርሳል። ከኋላ ያለው ሥራ እግር መከተል ነው። ስለዚህም ተራ ይገባሉ።

እኛም ይህን አይተን መንገድ መረጥን። ከአቃቂ ተነሥተን፣ ባቡር መሄድ ካቆመበት ዓመታት ያለፉትን አሮጌ ሐዲድ ታከን፣ ዱከም ደርሰን መመለስ፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሽልማት የለው፣ ዳኛ የለው፤ ያለን አንድ የእጅ ሰዓት ብቻ ነው። መጀመሪያ 2 ሰዓት ከ31 ደቂቃ ፈጀብን። ከዚያ ወዲያ ይህችን ቁጥር መስበር ሥራችን ሆነ።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ እንደገና ወጣን። ጤፉ ቢጫ ሆኗል፤ ዋልካው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ነፋሱ ከፊት ለፊት ነው። ከመካከላችን አንዱ፣ ያው ሁልጊዜም ጉልበቱን የማይሰስተው፣ ፊት ያዘ። ተራው ሲያልቅ "ተዉት፣ ደህና ነኝ" አለ፤ እኛም ተውነው። እስከ ዱከም ነፋሱን እሱ መታልን፤ እኛ ጀርባው ሥር ተደብቀን ሄድን። ስንመለስ፣ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረን፣ ባቱን ያዘውና ቆመ። የእጅ ሰዓታችንን አየን። ቁጥሯ ልትሰበር ነው። እሱም እኛን አየን። "ሂዱ! ምን ይገትራችኋል? ሂዱ እንጂ!" አለ። ሄድን።

2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ገባን። ጮኽን፤ ተቃቀፍን። እሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ጭድ በጫነ ጋሪ ላይ ተቀምጦ መጣ። ገና ሳይወርድ "ስንት ገባችሁ?" አለን። ነገርነው። እጁን ዘርግቶ አንድ በአንድ ጨበጠን። ቢሰድበን ይሻለን ነበር።

ክርክሩ ያኔ ተነሣ። ከእኛ አንዱ "ራሱ ሂዱ ብሏል፤ ፈቃድ ካለ በደል የት አለ?" አለ። ቀላል መከራከሪያ አይደለም። የሰውን ቃል አለማክበርም ንቀት ነውና። ይሁን እንጂ ቃሉ ከአፉ ከመውጣቱ በፊት ዓይናችን ሰዓቱ ላይ ነበር። ለመሆኑ ፈቃድ ሰጠን ወይስ ከዓይናችን አንብቦ የፈለግነውን ነገረን?

ሌላው ደግሞ "ብርቱው ደካማውን ሲጠብቅ ከኖረ ማንም የትም አይደርስ" አለ። ይህም እውነትነት አለው። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ የሰው ሳንባ ግን ሎሚ አይደለም፤ ተካፍለው አይሸከሙትም።

እዚህ ላይ አቴንስን አስታወስን። ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. በ10,000 ሜትር ፍጻሜ፣ ሁለት ጊዜ የኦሎምፒክ ወርቅ ያመጣው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የተረከዙን ጅማት እያመመው ወደኋላ ቀረ። ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስኅን ዞር ዞር እያሉ አዩት፤ ፍጥነታቸውንም ቀነስ አደረጉለት። የኤርትራው ዘርሰናይ ታደሰ አብሯቸው ነበር፤ መጠበቁ ሊያስከፍላቸው ይችል ነበር። በመጨረሻ ኃይሌ እንደማይደርስ ሲያዩ ሄዱ። ቀነኒሳ በ27:05.10 የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ፣ ዘርሰናይ ሦስተኛ፣ ኃይሌ አምስተኛ ወጣ። እንግዲህ መጠበቃቸው ለኃይሌ ሜዳልያ አላመጣለትም። ታዲያ ከንቱ ነበር? አይመስለንም። እነዚያ ልጆች ያደጉት ኃይሌ ነፋሱን በመታበት መንገድ ነው። መዞራቸው የማን እግር እንዳደረሳቸው ማወቃቸው ነው። ዓለም እያየ፣ ተፎካካሪ አጠገባቸው እያለ ዞሩ። እኛን ግን ማንም አላባረረንም፤ አንዲት የእጅ ሰዓት ብቻ!

በሌላ በኩል ጥቅምት 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ቪየና ላይ ማራቶንን በ1:59:40 ሲጨርስ 41 አሯሯጮች እየተፈራረቁ ነፋሱን መተውለታል። ሰዓቱ በክብረ ወሰንነት ባይመዘገብም ማንም ተበደልሁ አላለም። ካንት የተባለው ፈላስፋ ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ አትያዘው ይላል። ቁም ነገሩ "ብቻ" የምትለዋ ቃል ላይ ነው። እነዚያ አሯሯጮች ሥራቸውን አውቀው፣ ተስማምተው፣ ተራ ገብተው ሮጡ። የኛ ጓደኛ ግን ሊሮጥ እንጂ ሊያሯሩጠን አልወጣም።

በመጨረሻ ግለ ሂስ አደረግን። ከእንግዲህ የእጅ ሰዓቱ የሚቆመው አራተኛው እግር ሲገባ ነው ብለን ወሰንን። ይህን የተቃወመው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እሱ ራሱ! "እኔን ሸክም ልታደርጉኝ ነው እንዴ? መጠበቅ አልፈልግም" ብሎ ተቆጣ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባን። ጥፋታችን የጀመረው ስንተወው ሳይሆን ስንከተለው ነው። "ደህና ነኝ" ሲለን ደስ ብሎን ጀርባው ሥር የተደበቅን ጊዜ ነው። ተራችንን ወስደን ቢሆን ምናልባት ባቱም ባልያዘው፤ ቢይዘው እንኳ ስንሄድ ይህን ያህል ባላፈርን ነበር። የሰውን ጉልበት ጨርሶ ካበቁ በኋላ "ልጠብቀው ወይስ ልተወው?" ብሎ መመራመር የዘገየ ፍልስፍና ነው።

ለብቻ መሮጥ ነውር አይደለም፤ ብርቱው ሲፈልግ ማክሰኞ ወጥቶ ለብቻው ይሩጥ፤ ሰዓቱም የራሱ ይሁን። ቅዳሜ ግን የጋራ ነው። አሁን ሕጋችን ሁለት ነው፤ ማንም ከተራው በላይ ፊት አይይዝም፤ ሰዓቱም የሚያዘው አራታችንም ስንገባ ነው። እሱም በመጀመሪያው ሕግ ምክንያት ሁለተኛውን ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሮጠናል፤ 2 ሰዓት ከ38፣ ከዚያም 2 ሰዓት ከ34። ያችን 26 ደቂቃ ገና አላገኘናትም። ከመዝገባችን ግን አልሰረዝናትም፤ አጠገቧ የአራታችንንም ስም ጽፈናል፤ የእሱን ከሁሉ በላይ።

አንዳችን ግን እስካሁን አልተስማማም፤ "ያልገባ ሰው እንዴት ይጻፋል?" ይላል። አንባቢስ ምን ትላለህ?