የሕፃን ድካምና የልቡና አርነት

ሕፃን በአባቱ እርሻ ላይ ሲደክም ልቡናው ወደ ሌላ አገር ቢኰበልል፥ ይህ አሳብ ኃጢአት ይባላልን? አንድ ምእመን ከቅዳሴ በኋላ ይህን ጠየቀኝ። ልጁ በጨንቻ ደጋ ወደ እንሰቱ ማሳ ፍግ ሲያመላልስ ሳለ ቆሞ ሐይቁን ሲመለከት አግኝቶ ገሥጾታል፤ ከገሠጸው በኋላ ግን የራሱ ልብ አላረፈለትም።

የጋሞን ደጋ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። እንሰት ፍግ ይፈልጋል፤ ልጅም ፍጉን ይሸከማል፥ ከብት ይጠብቃል፥ ውኃ ይቀዳል፤ ቤቱ የሸማኔ ቤት እንደ ሆነም ቀሰም ያጠነጥናል። ጉሙ በተገለጠ ጊዜ ግን አባያና ጫሞ ከታች ተዘርግተው ይታያሉ። ዐይን ከደረሰበት ልብ እንዳይደርስ ማን ይከለክላል?

እኔም በልጅነቴ ጥጃ ጠባቂ ነበርሁ። ጥጆቹ እናቶቻቸውን ጠብተውብኝ ተገርፌአለሁ፤ በዚያ ሰዓት በአሳቤ ቅኔ እቀኝ ነበርና። ወደ አብነት ትምህርት ቤት ያወጣኝ ያው አሳብ ስለ ሆነ፥ በዚህ ነገር የማላደላ ዳኛ ልሆን አልችልም።

ሥራ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ዳዊትም ለንግሥና የተጠራው ከበጎች ጥበቃ ነው። ለወላጅ መታዘዝም ትእዛዝ ነው። ነገር ግን ያው ሕግ ስለ ሰንበት ሲያዝ፥ ከሚያርፉት መካከል ወንድ ልጅንና ሴት ልጅን ከአገልጋዩና ከእንስሳው አስቀድሞ ይጠራል። እኛ በሬውን ከቀንበር ፈትተን ልጁን ለሌላ ሥራ እንልካለን። እንግዲህ የልጅ ዕረፍት ከአባት ቸርነት የሚለመን ምጽዋት ሳይሆን በሕግ የተገባው ድርሻው ነው።

ከዚህ የከበደም አለ። የልጁን ምኞት አባቱ ባይሰማው ደላላ ይሰማዋል። «ትማራለህ፥ አዲስ አበባን ታያለህ» ተብለው ከዚህ ደጋ የወጡ ብዙ ልጆች፥ በሽሮ ሜዳ እግራቸውን በሸማኔ ጕድጓድ ከትተው ከማለዳ እስከ ሌሊት ሸምነዋል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆችን ከጕልበት ብዝበዛ ይጠብቃል፤ የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም ከ15 ዓመት በታች ያለውን መቅጠር ከልክሏል። ሆኖም ልጁ «የዘመድ ልጅ ነው» ከተባለ የጓዳውን በር የሚያንኳኳ ጥቂት ነው።

ለጠያቂዬ፥ «ስለ አሳቡ አትቅጣው፤ ምን እንዳየ ጠይቀው» አልሁት። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ልጁ በሐይቁ ላይ ጀልባ ሲቀዝፍ ያስብ ኖሯል፤ አባቱንም በጀልባው ውስጥ አስቀምጦት ነበር።