ሠላሳ ስምንት

ማልዶ ከየካ ሚካኤል በላይ ወደ እንጦጦ ተራራ የወጣ ሰው፣ በባሕር ዛፉ መካከል እየተከታተሉ የሚያልፉ ሯጮችን ማየቱ አይቀርም። እስቲ ከነሱ አንዱን በሐሳባችን አልጋ ላይ እናስተኛውና ኢሲጂ እናንሳው። በሁለት የትርታ ጫፎች መካከል ስምንት ትላልቅ ካሬዎች ቆጠርን እንበል። ወረቀቱ በሴኮንድ 25 ሚሊ ሜትር ስለሚጓዝ፣ 300ን ለስምንት ስናካፍል በደቂቃ 38 ትርታ ገደማ ይሆናል። የአዋቂ ሰው ልክ ግን ከ60 እስከ 100 ነው ተብሎ ተጽፏል። ታዲያ ይህ ልጅ በሽተኛ ነው?

ያው 38 ራሱን ስቶ በወደቀ ሽማግሌ ላይ ቢገኝ፣ ለልቡ ምት ሰጪ መሣሪያ እስከ ማስገባት ሊያደርስ ይችላል። በሯጩ ላይ ግን የልፋቱ ፍሬ ነው፤ ልቡ በአንድ ትርታ ብዙ ደም ስለሚረጭ መቻኮል አያስፈልገውም።

ወረቀቱን ማንቋሸሼ አይደለም። ፒ የምትባለው ትንሽ ጉብታ የላይኞቹ የልብ ክፍሎች ትእዛዝ ናት፤ ተከትሏት የሚመጣው ሹል ጫፍ የታችኞቹ መልስ ነው። ጉብታዋ ጠፍታ ጫፎቹ ያለ ሥርዓት ሲራራቁና ሲቀራረቡ፣ የላይኛው ክፍል መምታቱን ትቶ እየተርገበገበ ነው ማለት ነው። በአገራችን ይህ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም መዘዝ የልብ በራቸው በተጎዳ ሰዎች ላይ ይታያል። እዚያ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሄዶ ሽባ ያደርጋል። በጊዜ ያነበበ ሰው ነፍስ ያተርፋል።

ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ልክ የሚባለው ከማን ልብ ተለካ? ሆላንዳዊው አይንትሆቨን በመሣሪያው የተነሡ መስመሮችን እ.ኤ.አ. በ1903 ካሳተመ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ፣ የስፖርተኞች መለኪያ በአብዛኛው ከነጮች ልብ የተቀዳ ነበር። በጥቁር ስፖርተኞች ደረት ላይ የሚታይ አንድ ዓይነት የተገለበጠ ሞገድ ጤነኛ ሊሆን እንደሚችል በ2013 እና በ2017 በወጡት መመዘኛዎች በግልጽ ሰፈረ። ከዚያ በፊት «ልብህ ታሟል» ተብሎ ጫማውን የሰቀለ ወጣት ቢኖር፣ የበደለው ማን ነው? ሐኪሙ እንደሆነ የተማረውን ነው ያነበበው።

አንዱ በሩጫ ላይ ከሚሞት አሥሩ ይታገዱ የሚል ይኖራል። አልንቀውም፤ የልብ ጡንቻ የሚወፍርበት የዘር ሕመም ብርቱውን ሯጭ በድንገት ይጥላል። ነገር ግን የሚታገዱት እንጀራቸው እግራቸው ላይ ያለ ልጆች ናቸው። ጥንቃቄው የአንባቢው፣ ዋጋው የነሱ። ቢያንስ መጠየቅ ይገባቸዋል፦ ስትሮጥ ራስህን ስተህ ታውቃለህ? ከቤተሰብህ በድንገት የሞተ አለ? ለዚህ መብራት እንኳ አያስፈልግም።

የዛሬው መሣሪያ በወረቀቱ ጥግ ላይ የራሱን ፍርድ አትሞ ይሰጣል። እኔ ያንን ጥግ አጥፌ ነው ማንበብ የምጀምረው። ሰውዬውን ካናገርኩት በኋላ እገልጠዋለሁ።