በር የተዘጋባት ድመት ምን ትብላ?

ስለ ድመት ቀለብ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ቀላል ነገር መስሎ ይታየው ይሆናል። ሰው በቅጡ ባልጠገበበት አገር የድመት ምግብ ምን ያነጋግራል የሚል ጥያቄ ቢነሳም አይገርምም። ነገር ግን ድመት አስራ በረሃብ ስለገደለችው ሴት የሚያወሳው ሐዲስ በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቦ እናገኘዋለን። ሴትየዋ ለቅጣት የተዳረገችው በዚሁ ጉዳይ ነው። እንግዲህ በአላህ ዘንድ ቀላል ያልሆነውን ነገር እኛ አቃልለን ልናልፈው አይገባም።

ሐዲሱን በጥሞና ለተመለከተ ሰው የሴትየዋ ጥፋት ሁለት ጎን አለው። አንደኛ፣ ድመቷን አላበላቻትም። ሁለተኛ፣ ወጥታ በምድር ላይ ከሚገኙ ትንንሽ ፍጡራን አድና እንድትበላም አለቀቀቻትም። ከሁለቱ አንዱን ብታደርግ ኖሮ ከወቀሳው በዳነች ነበር። ስለዚህ የቀለብ ግዴታን የሚያመጣብን ድመቷን መውደዳችን ሳይሆን በሩን መዝጋታችን ነው ማለት ነው።

ይህን ለመረዳት የዶርዜን ቤት እናስብ። ከአርባ ምንጭ በላይ በጉጌ ተራሮች ደጋ የሚኖሩት ዶርዜዎች ከቀርከሃ የሚሠሩት ረጅም ቤት ዝናው የታወቀ ነው። አንዳንዱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል፤ ከብቶችም ከሰው ጋር በዚያው ጣራ ሥር ያድራሉ። ጓሮው እንሰት፣ የዕለት ምግቡም ቆጮ ነው። እህልና ከብት ባለበት አይጥ አይጠፋምና በእንዲህ ዓይነቱ ቤት ያለች ድመት በጓዳና በጓሮ እየተዘዋወረች አድና ታድራለች። ባለቤቷ ቁራሽ ቢጥልላትም ባይጥልላትም ሕይወቷ በዚያ ላይ የቆመ አይደለም። ሐዲሱ ያመለከተው ሁለተኛው በር ክፍት ነው።

የዶርዜ ሸማኔዎች ግን ከደጋው ወርደው ወደ አዲስ አበባ መግባት ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ የሽሮ ሜዳ ስምም ከነርሱ ሽመና ጋር ይነሳል። ከዶርዜም ሆነ ከሌላ ገጠር የመጣ ቤተሰብ ዛሬ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ድመት ሲያሳድግ በሩም መስኮቱም ይዘጋባታል። ጓሮ የለ፣ የሚታደን አይጥ የለ። አፏ የሚገባው እኛ የሰጠናት ብቻ ነው። ያን ጊዜ ቀለቧ ሙሉ በሙሉ በእኛ ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

ለመሆኑ ማብላት ሲባል ምን ማለት ነው? ሆድ መሙላት ብቻ ነውን? የዶርዜን ሕዝብ ያጠናው ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ዳን ስፐርበር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ነገር መዝግቧል። በዶርዜዎች ዘንድ ነብር ክርስቲያን ነው፣ የጾም ቀናትንም ያከብራል ይባላል። ይሁንና ረቡዕና ዓርብም ቢሆን ዶርዜው ከብቱን ከነብር ከመጠበቅ አይዘናጋም። ሰው ስለ አውሬ በአፉ ምንም ይበል ምን፣ በሥራው ግን ፍጥረቱን ያውቃል። ድመትም የነብር ዘመድ ናት።

አላህ ድመትን ሥጋ በል አድርጎ ፈጥሯታል። ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር የሰው አካል ራሱ ሲያዘጋጅ የድመት አካል ግን በበቂ መጠን ማዘጋጀት አይችልም። ይህም የሚገኘው ከሥጋና ከዓሣ እንጂ ከእህል ወይም ከእንሰት አይደለም። ታውሪን ያጠራት ድመት የዓይኗ ብርሃን እንደሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1975፣ ልቧም እንደሚደክም በ1987 በወጡ ጥናቶች ታውቋል። ስለዚህ በቆጮ ወይም በእንጀራ ብቻ የምትኖር ድመት ሆዷ ሞልቶም የተራበች ናት። ሐዲሱም አድና ትብላ ሲል የምግቧን ዓይነት ጭምር አመልክቶናል።

የድመት ምግብ በቤት ማዘጋጀት አስቸጋሪ አይደለም። ዋናው ጨውና ቅመም ያልገባበት የተቀቀለ ሥጋ፣ ዶሮ ወይም አጥንቱ የወጣለት ዓሣ ነው። ልብ በታውሪን የበለጸገ ነውና ቢጨመር መልካም ነው። ታውሪን በውሃ ስለሚሟሟ መረቁ አይደፋ፣ ከሥጋው ጋር ይሰጣት። ጉበት አልፎ አልፎ በትንሹ ይበቃታል፤ ሲበዛ ቫይታሚን ኤ ተከማችቶ አጥንቷን ይጎዳል። የተቀቀለ እንቁላልም ይስማማታል። ሥጋ ብቻውን ካልሲየም ስለሚያንሰው ደቆ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት በጥቂቱ ይነስነስበት። 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን ከ200 እስከ 250 ካሎሪ ያህል ትፈልጋለች። ዘወትር የቤት ምግብ ብቻ የምትበላ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ማማከር ይበጃል።

ወጥ ግን ምግቧ አይደለም። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ያጠፋል። የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀቷን ይወጋል። የላም ወተት ብዙ ድመቶችን ያስቀምጣል። ጥሬ ሥጋም አይሰጣት፤ ቶክሶፕላዝማ የተባለው ተውሳክ ከጥሬ ሥጋ ወደ ድመቷ፣ ከኩሷም ወደ ነፍሰ ጡር እናት ሊተላለፍ ይችላልና።

አንዲት እናት «ልጄ ሥጋ ሳያገኝ ለድመት ሥጋ ልቀቅል?» ብትል ጥያቄዋ ተገቢ ነው። የልጅ ሐቅ ይቀድማል። ከልጅ አፍ ነጥቃችሁ ለድመት ስጡ የሚል የለም። ነገር ግን ድመት ምርጡን ብልት አትጠይቅም። ከአባያና ከጫሞ ሐይቅ የወጣ ዓሣ ሲበለት ከጭንቅላቱና ከአጥንቱ ጋር የሚቀረው ሥጋ፣ በዒድ አል-አድሓ ከታረደው በግ እኛ የማንበላው ሳንባና ጣፊያ በደንብ ተቀቅሎና ከአጥንት ተለይቶ ቢሰጣት ማንንም ሳይጎዳ እርሷን ይጠቅማል።

ይህም ካልተቻለስ? የፊቅህ ሊቃውንት እንስሳውን መቀለብ ያቃተው ባለቤት በእጁ ይዞ ሊያስርበው እንደማይፈቀድለት ተናግረዋል። ሆኖም አደን ሳታውቅ በዝግ ቤት ያደገችን ድመት በካርቶን አድርጎ ገበያ ዳር መጣል መልቀቅ አይባልም፤ ረሃቡን ከዓይናችን ማራቅ ብቻ ነው። ሊቀልባት ለሚችል ሰው መስጠት ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ልጆቻችን ግልገል ድመት ታቅፈው ሲመጡ በሩን ከመዝጋታችን በፊት ይህን ሁሉ ማሰብ ነው።

ረመዷን ሲገባ ምድጃችን ቀዝቅዞ ይውላል፤ ድመቷ ግን አትጾምም። የጾመ ልጅ በቀትር ተነስቶ የድመቷን ሳህን ሲሞላ እርሱ የተራበው በራሱ ኒያ መሆኑን፣ እርሷ ግን ብትራብ በእርሱ ጥፋት መሆኑን ይማራል። አላህ በእጃችን ያሉትን ፍጡራን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።