ውሻ አይግባ፤ የገባውም ይውጣ

ንባብ፦ ውሾች ወደ ምድሩም ወደ ተንሳፋፊው የበረዶ መደብም አይግቡ፤ አሁን በዚያ ያሉትም እስከ 1994 ኤፕሪል 1 ይውጡ።

ይህን ያለው እ.ኤ.አ. በ1991 ማድሪድ ላይ የተፈረመው የአንታርክቲክ የአካባቢ ጥበቃ ፕሮቶኮል ነው፤ በሁለተኛው አባሪ፣ በአራተኛው አንቀጽ። ከፍ ብሎ ባዕድ እንስሳና ተክል ሁሉ ያለ ፈቃድ እንዳይገባ ከልክሏል። ሁሉን ከከለከለ ውሻን ለይቶ መጥራቱ ስለ ምን ቢሉ፣ ሌላው ፈቃድ ካገኘ ይገባል፣ ለውሻ ግን የፈቃድ በር የለም ሲል ነው። አንድም ውሻ አስቀድሞ ገብቶ፣ ወልዶ ተዋልዶ ቤተኛ ሆኗልና። ደጅ ያለውን ለመከልከል አንድ ቃል ይበቃል፤ ቤተኛን ለማስወጣት ግን ስም መጥራትና ቀን መቁረጥ ያስፈልጋል።

ታሪክ፦ በ1899 የአሳሹ የቦርችግሬቪንክ ጓዶች በአንታርክቲክ ኬፕ አዴር ሲወርዱ ውሾቻቸውን ይዘው ነው፤ ነጂዎቹ ከሰሜን አውሮፓ የመጡ ሁለት የሳሚ ሰዎች ነበሩ። በ1911 አሳሹ አሙንድሰን በ52 ውሾች ወደ ደቡብ ዋልታ ተነሣ፤ ደርሶ ሲመለስ የቀሩት 11 ናቸው። አብዛኞቹ መንገድ ላይ ተገድለው ለሰውም ለባልንጀሮቻቸውም ስንቅ ሆነዋል። ይህም በስሌት የታሰበ እንጂ በድንገት የሆነ አይደለም።

“አይግቡ” አለ። ስለ በሽታ ነው። ዲስቴምፐር የሚባለው የውሻ ደዌ አቆስጣን፣ ማለት ፈረንጆች ሲል የሚሉትን የባሕር እንስሳ፣ ይይዛል፤ በ1987 እና 1988 በሳይቤሪያው ባይካል ሐይቅ በሺህ የሚቆጠሩ አቆስጦች በዚሁ ደዌ አልቀዋል። በ1955 በአንታርክቲክ ልሳነ ምድር አጠገብም ብዙ አቆስጦች በበረዶ ላይ ሞተው ተገኙ። ገዳዩ በውል አልታወቀም፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን በዚያ አካባቢ የአቆስጦች ደም ሲመረመር የዲስቴምፐር ፀረ አካል ታየበት። ጥርጣሬው ሕግ ለመጻፍ በቃ። እኔም አልነቅፈውም፤ እስኪረጋገጥ ቢጠበቅ ማረጋገጫው የሚመጣው በሬሳ ነውና።

አንድም ስለ ቀለብ ነው። በአንታርክቲክ የምርምር ጣቢያዎች ደጅ በሰንሰለት ታስረው የሚያድሩት ውሾች የሚበሉት የአቆስጣ ሥጋ ነበር። ሥጋው እንደ ድንጋይ ስለሚረጋ በመጥረቢያ እየተፈለጠ ይጣልላቸዋል። የአገሩን እንስሳ ጠብቁ የሚል ሰው የአገሩን እንስሳ ገድሎ ውሻ ሲቀልብ ነገሩ አይገጥምም።

አንድም ስለ ማሳደድ ነው። በዚያ ምድር በአራት እግሩ እየሮጠ የሚያድን አውሬ ስለሌለ ፔንግዊን ከውሻ መሸሽን አልለመደም።

“ወደ ምድሩም ወደ በረዶ መደቡም” አለ። ለሌላው ባዕድ ፍጥረት “ወደ ውኃውም” ብሎ ጨምሮ ለውሻ መተዉ ምነው ቢሉ፣ በእኔ ንባብ ከመርከብ ያልወረደውን አይነካም ሲል ነው።

“ይውጡ” አለ። ወጡም። የእንግሊዞቹ የመጨረሻ ውሾች በፌብሩዋሪ 1994 ከሮዜራ ጣቢያ በአውሮፕላን ተነሡ፤ በፎክላንድ ደሴቶች፣ በብሪታንያና በቦስተን አልፈው በካናዳ ሀድሰን ባሕር ዳር ወደምትገኘው ኢኑክጁዋክ፣ ወደ ኢኑይቶች ዘንድ ደረሱ። የአውስትራሊያው የሞሰን ጣቢያ ወጣት ውሾች ደግሞ ወደ ሚኔሶታ ሄደዋል። ካናዳ ከደረሱት መካከል ብዙ ሳይቆዩ በበሽታ የሞቱ አሉ፤ ንጹሕ በረዶ ላይ ተወልደው ያደጉ ናቸውና የሌላው ዓለም ደዌ እንግዳ ሆነባቸው። በሽታ ያመጣሉ ተብለው የወጡት፣ በሽታው ያገኛቸው ከወጡ በኋላ ነው።

ሐተታ፦ ውሻ ይውጣ ሲል ሰው ይውጣ አላለም። ውሻን በመርከብ ያመጣው፣ አቆስጣውን የገደለለት፣ ሰንሰለቱን የቸከለው ሰው ነው። በሕጉ ዘመን የበረዶ ሞተርና አውሮፕላን የውሻን ሥራ ወስደው ነበር፤ ነዳጅ የሚያቃጥለው ሞተር ቀርቶ ሥጋ የሚበላው ወጣ። ይህን በመቃወም የውሾቹ ወዳጆች ብዙ ተናግረዋል፤ እውነት አላቸው። ነገር ግን የሞተሩ ጥፋት የውሻውን አደጋ አያስቀረውም፤ ሞተር ዲስቴምፐር አያስተላልፍም። ቃሉ ያለ ብዙ ትግል የጸናው ግን አደጋው ስለ ከበደ ብቻ አይደለም፤ ውሻው ሥራ ስለ ፈታም ነው።

ሥራ ያልፈታ ውሻ ባለበትስ ቢሉ፣ ወደ ባሌ ተራሮች ማየት ነው። እዚያ ቀይ ቀበሮ ከእረኞች ውሾች በሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር በተደጋጋሚ አልቋል። ነገር ግን የእረኛው ውሻ መንጋውን ከጅብ የሚጠብቅ ነው፤ “ይውጣ” ቢባል ጥበቃውን የሚረከብ ሞተር የለም። ስለዚህ መንገዱ ክትባት ሆነ፤ ውሾቹ በመርፌ ይከተባሉ፣ ለቀበሮዎቹም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደርጎ ሌሊት በግዛታቸው ይጣልላቸዋል።